የቀረውን ታካሚ ፈልጉ፦ በጤና ጣቢያችሁ የደም ግፊት ክትትልን በትንሽ ጥናት ማሻሻል

ጥናት ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የመመረቂያ ወረቀት ነው። ስንት መቶ ሰው በመጠይቅ ተጠይቆ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ መጨረሻ ላይ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው» ተብሎ የሚዘጋ። ወረቀቱ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ጤና ጣቢያው እንደነበረ ይቀጥላል። እኔ የማወራው ስለሱ አይደለም። ኦፒዲ (ተመላላሽ ታካሚ ክፍል) ቁጭ ብላችሁ ታካሚ እያያችሁ፣ ያለ በጀት፣ በራሳችሁ ካርድና መዝገብ ስለምትሠሩት ጥናት ነው። ለውጡም ከጥቂት ወራት በኋላ በራሳችሁ ታካሚ ላይ ይታያል።

ምሳሌ አድርጌ የያዝኩት ደም ግፊትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ብዙ ነው። ለጥናትም ይመቻል፦ በቁጥር ይለካል፣ የተለመዱት መድኃኒቶች ውድ አይደሉም፣ ውጤቱ ዓመታት አያስጠብቅም። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፣ አያምም። የማያም በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ወረፋ ለምን ይቆማል? ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ በሰው ተደግፎ ነው።

ጥያቄውን አጥብቡት

«የህክምና ጥራትን ማሻሻል» ጥያቄ አይደለም፣ የግድግዳ መፈክር ነው። መልሱ ቁጥር የሚሆን ነገር ጠይቁ። ለምሳሌ፦ አምና ከሐምሌ እስከ ሰኔ እኛ ጋ የግፊት መድኃኒት ከጀመሩት ሰዎች ውስጥ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ተለክተው ከ140/90 በታች የሆኑት ስንት ናቸው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። መቶ ሰው ተመዝግቧል እንበል። በሦስቱ ወራት የመጡት 40 ናቸው፣ ከነሱ የ28ቱ ግፊት ተስተካክሏል። 28ን ለ40 ካካፈላችሁ 70 በመቶ ይመጣል፣ ወረዳ ላይ አፍ ሞልቶ የሚወራ ቁጥር ነው። 28ን ለ100 ካካፈላችሁ ግን 28 በመቶ ነው። ሁለቱም ሒሳብ ልክ ነው። የመጀመሪያው ግን የሚነግራችሁ ስለመጡት ብቻ ነው፣ የሚመጡት ደግሞ በአብዛኛው መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱት ናቸው። ስልሳዎቹ የት ገቡ? ጥናታችሁ ስለነሱ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር ነው።

ይህ ቀድሞ የገባቸው ሐኪም ነበሩ፣ ጁልያን ቱዶር ሃርት የሚባሉ። በደቡብ ዌልስ ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን ማውጫ መንደር ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ሆነው ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የአዋቂዎቹን ሁሉ ግፊት ለመለካት ተነሡ። የታመመው እስኪመጣ አልጠበቁም። ያልመጣውን በስም እየለዩ፣ ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ እየያዙ፣ ካልመጣም ቤቱ ድረስ እየሄዱ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1971 «ህክምና ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው ህክምና ይበልጥ የሚያጣው» የሚል መልእክት ያለው ታዋቂ ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ደግሞ ከጎረቤት መንደር ጋር አስተያይተው፣ በሳቸው መንደር ከ65 ዓመት በፊት የሚሞተው ሰው ያነሰ መሆኑን አሳዩ። መሣሪያቸው የግፊት መለኪያና የስም ዝርዝር ነበር።

ዝርዝሩን ማውጣት

ይሄ የሚያሰለቸው ክፍል ነው፣ ግን አይዘለልም። የኤንሲዲ (ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች) መዝገብ ካላችሁ ከሱ ጀምሩ። ከሌላችሁ ወይም ግማሹ ባዶ ከሆነ፣ የኦፒዲውን መዝገብ ከፋርማሲው ማዘዣ ወረቀቶች ጋር አመሳክሩ። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የወሰደ ሰው ሁሉ ይለቀም፣ ከዚያ ካርዱ ወጥቶ መድኃኒቱ ለግፊት መታዘዙ ይታይ፣ ለሌላ በሽታም ይታዘዛሉና።

ካርድ ክፍል ያለ ሰው አንድ ነገር ይነግራችኋል፦ ኃይለሚካኤል፣ ሀይለሚካኤል እና ኃ/ሚካኤል ሦስት ሰው ሆነው ይቀመጣሉ። ካርድ ሲጠፋ አዲስ ይወጣል፣ አሮጌው ግን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፣ እና እናንተ «ጠፋ» ብላችሁ የምትፈልጉት ሰው በሌላ ቁጥር በየወሩ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልክ ከመምታታችሁ በፊት ስሙን ከነአባትና አያቱ፣ ከቀበሌውና ከዕድሜው ጋር አጣሩ። ዕድሜው በግምት የተጻፈ ስለሆነ አምስት ዓመት ወዲህ ወዲያ ቢል አትደነቁ።

ሠንጠረዡ አጭር ይሁን። የጥናት ቁጥር፣ የጀመረበት ቀን፣ የመጨረሻ የመጣበት ቀን፣ የመጨረሻ ግፊት፣ መድኃኒት፣ ቀጣይ ቀጠሮ። በቃ። ስምና ስልክ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ያ ወረቀት ይቆለፍበት፣ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ተነሥቶ አይላክ። አውቃለሁ፣ ለሥራ ቅልጥፍና ተብሎ ይላካል። ቢሆንም አይላክ።

ብዙ ሰው ካለ ሁሉንም ማየት አያስፈልግም። 240 ካርድ ካላችሁና ለመነሻ 30 ካርድ ይበቃናል ካላችሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት አንዱን በዕጣ ምረጡና ከሱ ጀምራችሁ በየስምንተኛው ውሰዱ። ከላይ ያገኛችሁትን ሠላሳ አትውሰዱ፣ ከላይ ያለው ካርድ በቅርብ የመጣ ሰው ካርድ ነው።

ልኬታችሁን ፈትሹ

ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ትሪያጅ (ታካሚ መጀመሪያ የሚለካበትና የሚለይበት ክፍል) ጋ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁሙና እዩ። አንዲት እናት ዳገቱን ወጥታ ደርሳለች። ወረፋ ቆማለች። ተራዋ ሲደርስ መደገፊያ የሌለው ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ የሹራቧ እጅጌ ወደላይ ተጠቅልሎ ክንዷን አንቋል፣ ክንዷ የሚያርፍበት ጠረጴዛ የለም። ሲስተር ደግሞ እየለካች «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ትላታለች፣ እሷም ትመልሳለች። 158/95 ይጻፋል። ይህ ቁጥር የግፊቷ ይሁን የዳገቱ ማን ያውቃል?

ሕጉን ሁላችንም ተምረነዋል። አምስት ደቂቃ ያህል አርፎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ነክቶ ሳይጠላለፍ፣ ክንድ ተራቁቶ በልብ ትክክል አርፎ፣ ፊኛ ባዶ ሆኖ፣ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና ሳይጠጣና ሲጋራ ሳይጨስ፣ ወሬ ሳይኖር፣ ሁለቴ ለክቶ። የክንድ ማሰሪያውም በልኩ መሆን አለበት፣ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። መደገፊያ ያላት አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ከስብሰባ አዳራሽ አምጥቶ ትሪያጅ ማስገባት፣ ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልኬቱ በግምት መጻፉን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ከመዝገቡ ተከታታይ 50 የላይኛ ግፊቶችን ውሰዱና የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ ቁጠሩ። በእጅ የሚነፋው መለኪያ በሁለት በሁለት ነው የሚነበበው፣ ስለዚህ 0፣ 2፣ 4፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው ወደ አሥር ጊዜ ግድም መምጣት አለባቸው። ከ50ው 40 በዜሮ ካለቀ፣ 120/80 እና 140/90 እየተደጋገመ ከሄደ፣ ሰዉ እየለካ ሳይሆን እያጠጋጋ ነው፣ ወይም ጭራሽ እየለካ አይደለም። 140 ደግሞ መወሰኛችን ስለሆነች፣ 136ን ወደ 140 ማጠጋጋት የተስተካከለውን ሰው ያልተስተካከለ ያደርገዋል። ይህን ውጤት በስብሰባ ላይ ስታቀርቡ የማንንም ስም አትጥሩ። ወረፋው እስከ በር በሆነበት ቀን ሁሉም ሰው ያጠጋጋል።

ለምን እንደቀሩ ጠይቁ

አሁን ወደ ስልሳዎቹ። ስልክ ያላቸው ላይ ደውሉ፣ የሌላቸውን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ፈልጉ። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ወይም የልጅ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ካነሳ «ከጤና ጣቢያ ነው፣ እሳቸውን ፈልገን ነበር» ከማለት አትለፉ፣ የምን ታካሚ እንደሆኑ የሱ ጉዳይ አይደለም።

«ለምን ቀሩ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የምታገኙት ይቅርታ ነው። «ልመጣ ነበር ልጄ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይሏችኋል፣ ስልኩ ይዘጋል፣ ምንም አላወቃችሁም። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ «እማማ፣ ያ መድኃኒት እንዴት ሆነልዎት? ብዙ ሰው ይከብደኛል ይላል።» ያኔ ወሬው ይመጣል። ተሽሎኝ ተውኩት። ፋርማሲው አልቋል ከውጭ ግዢ አለኝ፣ ከውጭ ደግሞ አልቻልኩም። ደረቅ ሳል አመጣብኝ (ኢናላፕሪል)። እግሬ አበጠ (አምሎዲፒን)። ሽንት በሽንት አደረገኝ፣ አውቶቡስ ላይ አፈርኩ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ)። ጸበል ገባሁ። ፆም ነበር።

ፆሙን ለብቻው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለሙያው ብዙ ጊዜ ስለሱ አይጠይቅም፣ ታካሚውም አይናገርም። «ጠዋት ከምግብ በኋላ» ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት በዐቢይ ፆም 55 ቀን ውስጥ ምን ይሆናል? ጠዋት ምግብ የለም፣ ስለዚህ መድኃኒቱም የለም። ረመዳን ላይም እንደዚያው። አብዛኛው የግፊት መድኃኒት በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የሚያሸናው ግን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል፣ እሱን ከሰውዬው ጋር ተመካክራችሁ ወስኑ። ጸበልም ላይ አትጣሉ። «ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም አይተዉት» ማለት ይቻላል፣ አባቶችም ይህንኑ ሲመክሩ ትሰማላችሁ።

መልሶቹን በአምስት በስድስት መደብ ከፋፍላችሁ ቁጠሯቸው። የበዛው የትኛው እንደሆነ ሲታይ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግማሹ ይገለጣል። ታካሚው «መድኃኒት አልቋል ተባልኩ» እያለ እናንተ ስለጨው አደገኛነት የጤና ትምህርት ብትሰጡ ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስትደውሉ ወይም ስትለኩ ግፊቱ 180 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ ወይም የአካል መስነፍ ያለበት ሰው ካገኛችሁ፣ ጥናቱ ይቅርና ሰውየው በዚያው ሰዓት ይታከም ወይም ሪፈር ይደረግ።

ለውጡን በትንሹ ሞክሩ

የጥራት ሥልጠና የወሰደ ሰው ፒዲኤስኤ የሚለውን ያውቀዋል፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ ውጤቱን ማጥናት፣ እንደ ውጤቱ ማስተካከል። ሐሳቡ የመጣው ከፋብሪካ ነው፣ ከጥራት ቁጥጥር ሊቃውንቱ ከሹዋርትና ከዴሚንግ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ለሱፐርቪዥን ቀን የሚሞላ ቅጽ ሆኖ ቀርቷል። ዋና ጥበቡ ግን ትንሽነቱ ላይ ነው። አዲስ አሠራር በአንድ ቀን፣ በአንድ ነርስ፣ በአምስት ታካሚ ይሞከር። ካልሠራ አምስት ሰው ነው የተጉላላው። ከሠራ በሳምንቱ ሃያ ይሁን።

ምን እንሞክር ካላችሁ፣ ሩቅ አትሂዱ፣ ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል ግቡ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ደመወዝ፣ ዛሬ ማን መምጣት እንደነበረበትና ማን እንደቀረ የሚያውቅ ክፍል አለ። የቀጠሮ መዝገብ አለው፣ የቀረውን የሚፈልግ ሰው አለው፣ ደህና የሆነውንም ሰው በየወሩ አያመላልስም፤ ኢትዮጵያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተረጋጉ የኤችአይቪ ታካሚዎች የስድስት ወር ቀጠሮ እየሰጠች ነው። ግፊቱ ለተስተካከለ ሰው የሦስት ወር መድኃኒት ለምን አይሰጠውም? ፋርማሲው «ክምችት አይበቃኝም» ሊል ይችላል፣ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ቡድኑ ውስጥ አስገቡት። እሱ የሌለበት የግፊት ጥናት አንድ ወር አይዘልቅም።

ከውጭ ምሳሌ ለሚፈልግ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት በሰሜን ካሊፎርኒያ የሠራው ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግፊታቸው የተስተካከለው ታካሚዎቻቸው 44 በመቶ ያህል ነበሩ፣ በ2009 ወደ 80 በመቶ ደረሱ። ያደረጉት የታካሚዎች መዝገብ መያዝ፣ ውጤቱን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ለየክሊኒኩ መንገር፣ የህክምና መመሪያ ማውጣት፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን መስጠት፣ መድኃኒት የተቀየረለት ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሐኪም ሳያይ፣ ሳይከፍል ተለክቶ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ለኔ የገረመኝ ግን መዝገቡ ነው፦ ከ350 ሺህ ገደማ ሰው ተነሥቶ ወደ 650 ሺህ ገደማ አድጓል። አካፋዩ እያደገ ነው መቶኛው የወጣው። «እነሱ ኮምፒውተር አላቸው» የሚል አይጠፋም። ይኑራቸው። ካርድ ክፍል ሳይሰለፍ፣ ቀጥታ ነርሷ ጋ ገብቶ ተለክቶ፣ ደብተሩ ላይ አጽፎ መውጣት ኮምፒውተር አይፈልግም፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ «ይሁን» ማለት ነው የሚፈልገው። የቀጠሮውን ቀንም ከገበያ ቀን ጋር አስማሙት። ቅዳሜ ለገበያ ከተማ የሚመጣን ገበሬ ማክሰኞ መቅጠር የቀረ ታካሚ ማምረት ነው።

ውጤቱን ስታዩ አትታለሉ

በየሳምንቱ አንድ ነጥብ ግድግዳ ላይ አስቀምጡ፦ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ከነበራቸው ስንት በመቶ መጡ? ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ነጥቦች መካከለኛ ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) በመስመር አሳዩ። ከለውጡ በኋላ ስድስትና ከዚያ በላይ ነጥቦች በተከታታይ ከመስመሩ በላይ ከዋሉ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ይቻላል። ሁለት ጥሩ ሳምንት አይተው የሚጨፍሩ አሉ፣ ተዉዋቸው።

ነሐሴን ከታኅሣሥ ጋር አታወዳድሩ። ክረምት ላይ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ እጅ ላይ ትንሽ ብር ይኖራል። ምንም ሳትሠሩ የታካሚው ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ሌላው ወጥመድ ይበልጥ ስውር ነው፦ ግፊታቸው በጣም ከፍ ያሉትን ብቻ መርጣችሁ ብትከታተሉ፣ በሚቀጥለው ልኬት አብዛኞቹ ወርደው ታገኟቸዋላችሁ። የተመረጡት በከፋ ቀናቸው ስለሆነ፣ ያለ እናንተም ትንሽ ይወርዱ ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ በየስምንተኛው ካርድ ያልኩት።

ያሻሻላችሁት ነገር ሌላውን እንዳይጎዳም አንድ ቁጥር ያዙ። የግፊት ታካሚ ወረፋ ሲያጥር የስኳሩ ታካሚ ወይም የታመመ ሕፃን የያዘችው እናት ወረፋ ረዘመ ወይ? አምሎዲፒን ከወሩ መጨረሻ በፊት ማለቅ ጀመረ ወይ?

ፈቃድን በተመለከተ፣ በጤና ጣቢያችሁ ውስጥ ለሚቀር ሥራ የኃላፊውና የጥራት ኮሚቴው እውቅና ብዙ ጊዜ ይበቃል። መጽሔት ላይ ለማሳተም ወይም ጉባኤ ላይ ለማቅረብ ሐሳብ ካላችሁ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ በክልሉ ጤና ቢሮ ወይም በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ በኩል። ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ለአጻጻፉ ስኳየር የሚባለው የ2015 እ.ኤ.አ. የጥራት ማሻሻያ ሥራ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ይረዳችኋል፣ ያልሠራውንም ሙከራ እንድትጽፉ ስለሚያደርግ እወደዋለሁ።

ሰው ይቀየራል፣ ይዛወራል፣ ለትምህርት ይሄዳል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የቀሩትን ዝርዝር የሚያወጣው ሰው ስም ከግራፉ ሥር ይጻፍ፣ እሱ እረፍት ሲወጣ የሚተካው ሰው ስምም ከጎኑ፣ ደብተሩም በሰው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ይደር።